ኤሎቴ በኤር ፍራየር፦ በቆሎው ሳይደርቅ፣ ማዮኔዙ ሳይንሸራተት

ጨው_ለራስህ (ክሩን የከፈተ)

ኤሎቴ የሜክሲኮ የመንገድ በቆሎ ነው። ስሙ ከናዋትል ቋንቋ «ኤሎትል» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም እሸት በቆሎ ነው፤ ለእህል የደረቀው በቆሎ ሌላ ስም አለው። ሻጮቹ፣ ኤሎቴሮዎቹ፣ በጋሪ እየገፉ፣ ወይ ቀቅለው ወይ በከሰል ጠብሰው፣ እንጨት ሰክተው፣ ማዮኔዝ ቀብተው፣ አይብ አልብሰው፣ ቺሊ ነስንሰው፣ ሎሚ ጨምቀው ያቀብላሉ። በኤር ፍራየር፣ በሞቀ ንፋስ በሚያበስለው ማሽን፣ ሲሠራ ግን በየቪዲዮው «200 ላይ 10 ደቂቃ» ይባልና ይታለፋል። ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያች 10 ደቂቃ በፊትና በኋላ ነው።

ለአራት በቆሎ የሚበቃው ይኸውና፦ ማዮኔዝ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ የሜክሲኮ ክሬማ ወይም ሳወር ክሬም 2 የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት በደቃቁ ተፍቆ፣ ኮቲሃ አይብ 80 ግራም ያህል፣ ቺሊ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተከተፈ የድምብላል ቅጠል 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ሎሚ ሁለት፣ ዘይት ለእያንዳንዱ በቆሎ 1 የሻይ ማንኪያ።

ቅጠሉንና ጸጉሩን አንሱ። ካጠባችሁት በፎጣ አድርቁት፤ ላዩ ላይ ውሃ ካለ ማሽኑ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ በማትነን ያጠፋቸዋል፣ በቆሎው ቀለም ሳይዝ ውስጡ ይደርቃል። ኤር ፍራየሩን ባዶውን 3 ደቂቃ አሙቁት። በቆሎውን ዘይት ቀብታችሁ፣ አንዱ ከሌላው የጣት ያህል ተራርቆ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ። 200 ዲግሪ ሴልሺየስ (የፋራናይት ማሽን ያላችሁ 400)፣ 6 ደቂቃ፤ ገልብጡ፤ ሌላ 6 ደቂቃ። ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ በመጀመሪያው ጊዜ 10ኛው ደቂቃ ላይ ከፍታችሁ እዩ። ፍሬው ነፋ ብሎ ቀለሙ ጠልቆ፣ እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ ካለው በቂ ነው። ፍሬው መሐል መሐሉ መሰርጎድ ከጀመረ አልፎበታል።

ማዮኔዝ፣ አይብ፣ ቺሊ፦ ሦስቱም ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ብቻ።

---

አዲስ_ጎረቤት

ልክ እንደተጻፈው 200 ላይ 12 ደቂቃ ቆይቶ በቆሎው እንደ ቆሎ ጠጠር ሆኗል፣ ጥርስ አያስገባም። ማሽኑ 1500 ዋት፣ አዲስ። በቆሎው ከአትክልት ተራ የተገዛ ነጭ እሸት ነው። ሙቀቱ በዛ ወይስ ሰዓቱ?

---

ባለ_ምጣድ

ሙቀቱም ሰዓቱም ልክ ነበር፣ ልክ ያልሆነው በቆሎው ነው።

በቪዲዮዎቹ የሚታየው አሜሪካ የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ ነው። ያ ዝርያ ስኳሩ ወደ ስታርች እንዳይቀየር በተፈጥሮው የሚያዘገየው ነገር አለው፤ ፍሬው በስኳርና በውሃ የተሞላ፣ ቆዳው ስስ ነው። ጥሬውንም ሊበላ ይችላል፣ ኤር ፍራየር የሚያደርግለት ማሞቅና ቀለም መስጠት ብቻ ነው። የእኛ እሸት ግን ለእህል የተዘራ በቆሎ ገና ሳይደርቅ የተቀጠፈ ነው። እንደ ባኮው ቢኤች 660 ያሉት ነጭ ዝርያዎች የሚመረቱት ለዱቄት ነው፣ ፍሬያቸው ስታርች ነው። ስታርች የሚለሰልሰው ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው። ኤር ፍራየር ማለት ደረቅ አውሎ ነፋስ ያለባት ትንሽ ምድጃ ናት፣ ውሃ ትወስዳለች እንጂ አትሰጥም። ስለዚህ ስታርቹ ሳይበስል ውሃው አለቀ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ አስቀድመህ ቀቅል። በጥፍርህ አንድ ፍሬ ውጋ። ነጭ ወተት ከፈሰሰ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መቀቀል ይበቃዋል። ወተት ሳይሆን ሊጥ የመሰለ ነገር ከወጣ 40 ደቂቃና ከዚያም በላይ። ምንም ካልወጣ ለኤሎቴ አይሆንም፣ ንፍሮ አድርገው። ከተቀቀለ በኋላ አውጥተህ እንፋሎቱ እስኪወጣለት 5 ደቂቃ አቆየው፣ ዘይት ቀባው፣ ከዚያ 200 ላይ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ አንዴ ገልብጠህ።

---

ሎሚ_ተራ

@ባለ_ምጣድ የጻፍከው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «የእኛ በቆሎ ለዚህ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ተቃራኒው ነው። ሜክሲኮ ከተማ ጋሪ ላይ የሚሸጠው በቆሎ የአሜሪካው ጣፋጭ አይደለም። ነጭ፣ ፍሬው ትልልቅ፣ ስታርች የበዛበት ነው፤ ካካዋሲንትሌ የሚባለው ዝርያ ስመ ጥር ነው፣ ፖሶሌ የሚባለው ሾርባቸውም በእሱ ነው የሚሠራው። ስታኝከው ጥርስህን የሚሞላ፣ ብዙም የማይጣፍጥ። ለዚያ ነው ማዮኔዙም አይቡም ጨዉም የሚበዛበት። ጣፋጭ በቆሎ ላይ ያንን ሁሉ ስትጭነው እንደ ኬክ ይሆናል።

ስለዚህ የክረምት እሸት ያለው ሰው ለዋናው ኤሎቴ ቅርብ ነው፣ መቀቀሉን እስካልዘለለ ድረስ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የላቲኖ ግሮሰሪ ውስጥ ነጭ በቆሎ ስታገኙ ሞክሩት፣ ግን እንደ ጣፋጩ በጥሬው እንዳትከቱት።

ሎሚውም እንዲሁ ነው። እነሱ ሊሞን የሚሉት ትንሹ፣ ቆዳው ስስ፣ ፍሬ ያለበት ሎሚ ከእኛው ሎሚ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ትልቁ አረንጓዴ ፍሬ አልባ ሎሚ ሌላ ዝርያ ነው፤ ይሠራል፣ ሽታው ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

---

አዲስ_ጎረቤት

ቅቅሉ ሠርቷል፣ ለስልሷል። አሁን ደግሞ ማዮኔዙ ቀልጦ ሳህኑ ላይ ቀረ፣ አይቡም አብሮ ወረደ።

---

ጨው_ለራስህ

ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ በቅደም ተከተል ፈትሽ።

አንደኛ፣ በጣም ትኩስ ነበር። ማዮኔዝ ዘይት፣ ውሃና አስኳል ተደባልቀው የቆሙበት ነገር ነው፤ ከማሽኑ በቀጥታ የወጣ በቆሎ ላይ ሲቀባ ድብልቁ ይፈርስና ዘይቱ ለብቻው ይፈሳል። 2 ደቂቃ ጠብቅ። በጣትህ ይዘህ ሦስት መቁጠር ስትችል ቀባ። በጣም ከቀዘቀዘም አይቡ አይይዝም፣ ስለዚህ ረስተኸው ምሳ እንዳትሠራ።

ሁለተኛ፣ ማባያው ቀጠነ። ሰው ሎሚውን ማዮኔዙ ውስጥ ይጨምቃል። አትጨምቅ። ማዮኔዝ 2 እጅ፣ ክሬም 1 እጅ፣ ሎሚ ዜሮ፤ የሎሚው ልጣጭ ተፍቆ ቢገባ ግን ሽታውን ሳያቀጥን ይሰጣል። ጭማቂው መጨረሻ ላይ፣ ከአይቡ በላይ፣ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይጨምቃል።

ሦስተኛ፣ ዘይቱ በዛ። ተቀቅሎ የሚገባ በቆሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። በዘይት ላይ ማዮኔዝ አይጣበቅም።

አቀባቡም ለውጥ አለው። አይቡን ዝርግ ሳህን ላይ በትነህ በቆሎውን አንከባልልበት፣ ከላይ አትነስንስ። ሲንከባለል ክብደቱ አይቡን ማዮኔዙ ውስጥ ይጭነዋል።

---

ሀይፋ_ጓዳ

ኮቲሃ ለማታገኙ፦ ኮቲሃ ስሙን ያገኘው በሚቾአካን ግዛት ካለችው ከኮቲሃ ከተማ ነው። ከላም ወተት ይሠራል፣ ጨዋማ፣ ደረቅ፣ የሚፈረፈር፣ ሲሞቅም የማይቀልጥ ነው። ተተኪ ስትፈልጉ እነዚህን ጠባዮች ፈልጉ እንጂ ስሙን አትፈልጉ። ሞዛሬላ የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያ ፒዛ ነው።

እስራኤል ያላችሁ «ቡልጋሪት» ከሚባለው ነጭ አይብ ጠንከር ያለውን ውሰዱ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀምጡት፣ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ በሹካ ፈርፍሩ። ፌታም በዚሁ መንገድ። ፓርሜዛን ብቻውን በጣም ደረቅ ነው፤ ከፌታ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ግን ከሁሉም ተተኪዎች ወደ ኮቲሃ የሚቀርበው እሱ ነው። ለክሬማው «ሻሜኔት» (እዚያ የሚሸጠው ሳወር ክሬም) ቅባቱ ባለ 27 በመቶው ይሻላል፣ ባለ 15ቱ ይቀጥናል።

---

ዱባይ_ምሳ

ባሕረ ሰላጤ ላይ ላላችሁ፦ ላብኔ፣ ውሃው የተጠለለው እርጎ፣ ክሬሙን በደንብ ይተካል። ወፍራም ስለሆነ ለ2 የሾርባ ማንኪያ ላብኔ 1 የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። አይብ ከሆነ አካዊ በየሱቁ አለ፣ ግን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ፌታው ይሻላል።

በቆሎው ብዙ ጊዜ ተልጦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ነው። ጣፋጭ በቆሎ ከተቀጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይፈጥናል። የታሸገበትን ቀን እዩ፣ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ያለውን አታንሱ፣ ቤት ስትደርሱ በቀጥታ ፍሪጅ።

---

ሰላም_ማድቤት

አይብ፣ የእኛው አይብ፣ አይሆንም? ይቅርታ ከርዕሱ ከወጣሁ።

---

ሎሚ_ተራ

አልወጣሽም እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አይብ እንደ ኮቲሃ በሙቀት አይቀልጥም፤ ሲሠራ በሙቀት የረጋ ስለሆነ ቅርጹን ይይዛል። የሚያጎድለው ሦስት ነገር ነው፦ ጨው የለውም፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ከአሬራ ስለሚወጣ ቅባቱ አነስተኛ ነው።

250 ግራም አይብ በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ፣ ከላይ ክብደት ጭነሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው አሽተሽ ሌላ ግማሽ ቀን ተዪው። በጣትሽ ስትፈረፍሪው እንደ እርጥብ አሸዋ ከሆነ ደርሷል። ቅባቱን ማዮኔዙ ይሞላዋል። ሳይጠለል ከተነሰነሰ ግን ማዮኔዙን ያቀጥነዋል፣ @አዲስ_ጎረቤት ወዳነሳው ችግር ይመልሰናል።

የተቀመመ አይብ፣ ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት፣ ለዚህ አይሁን። ከድምብላል ቅጠሉ ጋር ይጣላል።

---

የእሳት_ዳር

እኔ ከመሠረቱ እቃወማለሁ። ኤሎቴ በከሰል ነው። የከሰል እሳት በቆሎውን በተለያየ ቦታ ያጠቁረዋል፣ ጭስ ያስይዘዋል፤ ኤር ፍራየር እኩል ያደርቀዋል። በክረምት አዲስ አበባ መንገድ ዳር ያለችው እናት በአንድ ማንደጃና በአንድ ማራገቢያ የምታደርገውን 200 ዶላር የወጣበት ማሽን አያደርገውም።

---

ባለ_ምጣድ

ከሰል የበለጠ ነው፣ ማንም አልተከራከረህም። አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ከሰል ስታቀጣጥል የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነው።

የጎደለውን ጭስ ለመተካት ሁለት መንገድ አለ። ጋዝ ምድጃ ካለህ፣ በኤር ፍራየር 9 ደቂቃ ብቻ አብስለህ አውጣና በመቆንጠጫ ይዘህ ነበልባሉ ላይ በየጎኑ 20 ሰከንድ አዙረው። ፍሬው «ጧ» ማለት ይጀምራል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዛል። ጋዝ ከሌለህ ማዮኔዙ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ የታጠነ ፓፕሪካ ጨምር። ከዚያ በላይ ከጨመርክ ቋንጣ ቋንጣ ይላል።

«እኩል ያደርቀዋል» ያልከው እውነት የሚሆነው ሙቀቱን 160 እና 170 አድርገው ረጅም ሰዓት ለሚያስቀምጡት ነው። ዝቅተኛ ሙቀት ለበቆሎ ደግነት ይመስላል እንጂ ማድረቂያ ነው። ከፍተኛ ሙቀት፣ አጭር ሰዓት።

---

አዲስ_ጎረቤት

ቅቤ ቀብቶ ማስገባትስ? ብዙ ቦታ እንዲያ ይላል።

---

ጨው_ለራስህ

ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ጠጣር አለ። ጠጣሩ 200 ዲግሪ አይችልም፤ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ወደ ታች የሚንጠባጠበውም መሳቢያው ላይ ይቃጠላል። ዘይት ቀብታችሁ አብስሉ፣ ቅቤ ከፈለጋችሁ ሲወጣ ቀቡት። የተነጠረ ቅቤ ጠጣሩ የወጣለት ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል፣ ቅመሙ ግን በቆሎውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል፣ ኤሎቴ አትበሉት እንጂ ይጣፍጣል።

ሰው የሚሳሳትባቸውን ሌሎችም አንድ ላይ ልጥቀስ፦

ቺሊ ዱቄት አስቀድሞ መነስነስ። ደቃቅ ዱቄት በዚያ ንፋስ ውስጥ ከበቆሎው በፊት ይቃጠላል፣ ይመርራል፣ ማሽኑ ሲከፈትም ቤቱን ያስነጥሰዋል።

ቅጠሉን ሳያነሱ መክተት። በከሰል ላይ ይሠራል፣ እዚህ ግን የደረቀው ቅጠል በንፋሱ ተነስቶ ከላይ ያለውን ማሞቂያ ሊነካ ይችላል። ያለ ክብደት የተቀመጠ የመጋገሪያ ወረቀትም እንዲሁ፤ በተለይ ባዶውን ስታሞቁ በፍጹም አይግባ።

በቆሎ በበቆሎ ላይ መደርደር። የላይኛው ያራል፣ የታችኛው በእንፋሎት ይቀቀላል። 4 ሊትር ገደማ የሆነ ቅርጫት ሦስት በቆሎ ቢይዝ ነው። ርዝመቱ ካልገባ በቢላ አትታገሉ፤ በፎጣ ይዛችሁ መሐሉ ላይ ሰብሩት፣ ቆረቆንዳው በንጽሕና ይሰበራል።

---

ሰላም_ማድቤት

ጸጉሩ እንዴት ሙሉ በሙሉ ይወጣል? ሁሌም በየረድፉ መሐል ይቀራል፣ እሱ ነው መጀመሪያ የሚቃጠለው።

---

ዱባይ_ምሳ

ማይክሮዌቭ ካለ፣ ጣፋጭ በቆሎውን ከነቅጠሉ አንዱን 2 ደቂቃ ተኩል አሙቂው። ከግንዱ በኩል፣ የመጀመሪያው የፍሬ ረድፍ ጋ፣ በቢላ ቁረጪ። ከጫፉ በኩል ጨብጠሽ ወደ ታች ግፊው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ተንሸራቶ ይወጣል፣ ጸጉሩም ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። በፎጣ ያዢ፣ ያቃጥላል። በዚህ መንገድ ግማሽ ስለበሰለ ኤር ፍራየር ውስጥ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ብቻ።

ማይክሮዌቭ ከሌለ እርጥብ የጥርስ ብሩሽ፣ አዲስ፣ ከጫፍ ወደ ግንድ።

---

ቅዳሜ_ሹር

ስለ ቺሊው ማንም አልተናገረም። አሜሪካ «ቺሊ ፓውደር» ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከሙን፣ ኦሬጋኖ፣ ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለበት ነው፣ ለወጥ የተሠራ። ኤሎቴ ላይ ሲገባ የተፈጨ ሥጋ ይሸታል። የሚፈለገው ንጹሕ የተፈጨ ቺሊ ነው፦ ለማቃጠል ፒኪን ወይም አርቦል፣ ለቀለምና ለጣዕም ጉዋሂዮ ወይም አንቾ። ታሂን የሚባለው የታሸገው ቅመም ቺሊ፣ ጨውና የደረቀ ሎሚ ነው፤ ካለ ይበቃል፣ ግን ጨው ስላለው አይቡን ትንሽ ቀንሱ።

ከሌለ፦ ጣፋጭ ፓፕሪካ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የሚያቃጥል ቺሊ ሩብ፣ ጨው ሩብ፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ግማሽ።

---

የእሳት_ዳር

በርበሬና ሚጥሚጣ ያለው ሰው ለምን ፓፕሪካ ይፈልጋል?

---

ቅዳሜ_ሹር

ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው። በርበሬ የተሠራው ዘይትና ቁሌት ውስጥ እንዲበስል ነው፣ አብሽና ሌላው ቅመም ጥሬውን ሲነሰነስ ዱቄት ዱቄት ይላል። በሎሚና በውሃ ተለውሶ ከሆነ ሌላ ነው፣ ግን ያ አዋዜ ነው፣ የራሱ ምግብ።

ሚጥሚጣ ከፒኪን ጋር በጠባይ ይቀራረባል፦ ትንሽ፣ ቀይ፣ ፈጥኖ የሚያቃጥል። የሚለየው ኮረሪማውና ጨዉ ነው። ለአራት በቆሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ በ1 የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ ውስጥ አቀላቅሎ መነስነስ ያስኬዳል። ሙሉ ማንኪያ የሚነሰንስ ሰው የሎሚውንም የአይቡንም ጣዕም ሳያውቅ ይጨርሳል።

---

ፆመኛዋ

በረቡዕና ዓርብ እንዴት እንደሚሆን ልጻፍ፣ የሚጠይቅ አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ በከሰል የተጠበሰው ኤሎቴ ብዙ ጊዜ በሎሚ፣ በጨውና በቺሊ ብቻ ይበላል። እሱ እንዳለ የፆም ነው፣ ምንም መተካት አያስፈልገውም። ሎሚውን ለሁለት ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ፊት ጨውና ቺሊ ውስጥ ነክሮ፣ በቆሎውን በእሱ ማሸት።

ማዮኔዝ የግድ ከተባለ፦ ስኳር የሌለው የሶያ ወተት 120 ሚሊ ሊትር፣ ሽታ የሌለው ዘይት 240 ሚሊ ሊትር፣ ሎሚ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ወተቱና ዘይቱ እኩል የቤት ሙቀት ላይ ይሁኑ። ጠባብ ዕቃ ውስጥ ወተቱን፣ ከላይ ዘይቱን ጨምሮ፣ የእጅ መፍጫውን እስከ ታች አስገብቶ 20 ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ። ሎሚው ሲረጋ ይገባል። በአጃ ወይም በአልሞንድ ወተት አይረጋም፣ የሚያያይዘው የሶያው ፕሮቲን ነው።

ለአይቡ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አልሞንድ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የሎሚ ልጣጭ። አይብ አይመስልም፣ ግን ጨዋማ ፍርፋሪ የሚያደርገውን ሥራ ይሠራል።

---

አዲስ_ጎረቤት

የቀዘቀዘ (ፍሮዝን) ፍሬ በቆሎ በላስቲክ አለ። በእሱ ይሠራል?

---

ሎሚ_ተራ

ይሠራል፣ ያኔ ስሙ ኤስኪቴስ ይሆናል፣ በኩባያ የሚበላው። ሰሜን ሜክሲኮ ትሮሌሎቴም ይሉታል።

በቅርጫቱ ላይ በቀጥታ አትበትነው፣ ፍሬው በቀዳዳው ይወድቃል፣ የደረቀውም እየፈነዳ ይዘላል። ማሽኑ ውስጥ የሚገባ የብረት ትሪ ወይም የኬክ ቅርጽ ተጠቀም። 500 ግራም ፍሬ፣ በረዶው ለቆት፣ በፎጣ ደርቆ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተለውሶ፣ 200 ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ በየ4 ደቂቃው እየተነቃነቀ። የቆርቆሮ በቆሎ ከሆነ ውሃውን አፍስሰህ ፎጣ ላይ 20 ደቂቃ ዘርጋው።

እውነቱን ለመናገር ግን ለኤስኪቴስ መጥበሻ ይበልጣል። በጋሪ የሚሸጠው ኤፓዞቴ ከሚባል የሜክሲኮ የቅመም ቅጠል ጋር በራሱ ውሃ የበሰለ፣ መረቅ ያለው ነው። ኤር ፍራየር ያንን መረቅ ያሳጣዋል። በማሽን ከሠራህ ማባያውን ቀጠን አድርገው፦ ማዮኔዝ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ክሬም 3፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። እዚህ ላይ የሎሚው ጭማቂ ይግባ፣ ኩባያ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር የለም።

---

ኮረንቲ

ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ማሽኑ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ኤር ፍራየር 120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ነው። በአስማሚ ሶኬት ብቻ ከሰካችሁት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይቃጠላል፤ አስማሚ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 1500 ዋት ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ቢያንስ 2000 ዋት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ለስልክ ቻርጀር የሚሸጡት ትንንሾቹ ከእሱ ጋር ይቀልጣሉ። የትራንስፎርመሩን ዋጋና ክብደት ካያችሁ በኋላ እዚሁ 220 የሆነውን መግዛት ይሻላል።

ኤክስቴንሽን ላይ ደግሞ ከምጣድ ጋር አብሮ አይሰካ። ገመዱን በ5ኛው ደቂቃ ዳስሱት፣ ከሞቀ ንቀሉ።

---

ሰላም_ማድቤት

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የመጨረሻ፦ ለእንግዳ ስምንት በቆሎ ቢያስፈልግ፣ ማሽኑ ሦስት ነው የሚይዘው። መጀመሪያ የወጣው ይቀዘቅዛል።

---

ጨው_ለራስህ

ሁሉንም አስቀድመሽ በየዙሩ 9 ደቂቃ አብስይ፣ ሳትቀቢ በፎጣ ጠቅልለሽ አቆዪ። እንግዳ ሲቀመጥ በየዙሩ 3 ደቂቃ 200 ላይ መልሺው፤ ቀለሙም ሙቀቱም ያኔ ይመጣል። ማባያው ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቅ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። የተረፈ በቆሎ ካለ ያልተቀባው ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ የተቀባው ግን ተመልሶ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ በቢላ ፍሬውን ላጪና በሳህን ብሉት።

እንጨቱን ከበሰለ በኋላ ነው የምትሰኪው፣ ከግንዱ በኩል፣ በፎጣ ይዘሽ እያዞርሽ። ቆረቆንዳው ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በጥሬው ከሞከርሽ እንጨቱ ይሰበራል።

---

የእሳት_ዳር

ዘጠኝ ደቂቃውንና የጋዙን ነበልባል ሞክሬው፣ ጭሱ ባይኖረውም ጥቁር ነጠብጣቡ መጥቷል። ቅቅሉን ግን 30 ደቂቃ አድርጉት፣ የነሐሴ መጨረሻ እሸት 20 አይበቃውም።